ፎረሙ መርዶ ያደረሰበት ከሰዓት

በዚያ ከሰዓት መቱ ውስጥ፣ ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልናገር። ስም አልጠራም፤ የነበሩት ራሳቸውን ያውቃሉ። ከባንኮኒው ጀርባ የቤቱ ባለቤት ነበር፤ ከስልጤ መጥቶ እኛ ዘንድ የከረመ፣ ኦሮምኛን ከእኔ አሳምሮ የሚናገር ነጋዴ። መስኮቱ ሥር የእድራችን ጸሐፊ ጋሼ፣ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀምጠዋል። ከጋሼ ቀጥሎ ፍርድ ቤት በታይፒስትነት የምትሠራው ልጅ፤ የእድሩን ማስታወቂያ በሁለቱም ቋንቋ የምትተይብልን እሷ ናት። የጎሬ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው ሾፌር ጉርድ ፎቶግራፍ ሊያሳትም መጥቶ ቆሟል። እኔ ጥግ ካለው ኮምፒዩተር ፊት ነበርኩ። በመጨረሻ የገቡት እትዬ ናቸው፤ ከግድግዳው ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊ።

የምጽፈው ስለ እትዬ ነው። ግን ስለ አንድ ፋይል ሳልናገር ስለ እሳቸው መናገር አልችልም።

ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከኖፓና ከኡካ የወጡ ሰዎች የሚገናኙበት አንድ ፎረም ነበረን። ቴሌግራም ገና እጃችን ያልገባበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ያለው ስለ ቡና ዋጋ ይጠይቃል፣ ጅማ ያለው ስለ ጎሬ ዳገት ጭቃ ይቀልዳል፣ ባሕር ማዶ ያለው የድሮ የክፍል ፎቶግራፍ ይለጥፍና «ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ማነው?» ይላል። ፎረሙን ያቋቋመው የእትዬ ታናሽ ወንድም ነበር። እትዬ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ያሳደጉትና ያስተማሩት ልጅ ነው፤ ትምህርቱን ሲጨርስ አዲስ አበባ ሥራ ይዞ ቀረ። ሶፍትዌሩን እሱ አልሠራውም። ማንም ሰው ከኢንተርኔት በነጻ የሚያወርደው፣ የማናውቃቸው ሰዎች ለመላው ዓለም የሠሩት ነው። እሱ የሠራው ለእኛ እንዲሆን ማስተካከሉን ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አደረገው። ትእዛዞቹን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጻፋቸው። አዲስ ነገር ሲለጠፍ በየስልካችን አጭር መልእክት እንዲደርሰን አደረገ። ከሁሉም በላይ ግን የለቅሶውን ክፍል ሠራ።

ይህን ክፍል ለምን እንደሠራው አንዴ ነግሮኛል። አባታቸው ኡካ የሞቱ ዕለት እትዬ ጎሬ መናኸሪያ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ መርዶውን በማግስቱ ንጋት ቤታቸው ሄደው ሊያረዱ ተማክረው ነበር። ከመኪና የወረደ አንድ የሚያውቃቸው ሰው ግን ሰምተዋል ብሎ ገምቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ «እግዜር ያጥናሽ» አላቸው። እትዬ «ስለ ምን?» ብለው ጠየቁ። ወንድምየው ያኔ ትንሽ ልጅ ነው፤ እጃቸውን ይዞ ቆሟል። እህቱ ጭቃው ላይ ስትወድቅና የማታውቃቸው መንገደኞች ሲያነሷት ያየው እሱ ነው። «ሁለተኛ እንዲህ አትሰማም» አለኝ። የለቅሶው ክፍል ለሁላችንም አገለገለ እንጂ የተሠራው ለእሳቸው ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ አባል ወይም የአባል ዘመድ ሲሞት ያወቀው ሰው ለቅሶው ክፍል ይለጥፋል። ፕሮግራሙ የሟቹን ቤተሰቦች ያውቃል፤ ጋሼ ከእድሩ መዝገብ አስገብተውለታል። ስለዚህ ለሌላው ሁሉ መልእክት ሲልክ ለቤተሰቡ አይልክም፤ ቤተሰቡ ፎረሙን ቢከፍትም ያ ጽሑፍ አይታየውም። ሽማግሌዎች ሄደው ካረዱ በኋላ ጋሼ «ተነግሯል» የሚለውን ይጫናሉ፤ ያኔ ይከፈታል። ሰው ይህን እየለመደ ሲሄድ ስልክ መደወሉን ተወው። በስልክ የተነገረ ነገር በሰው አፍ ይዞራል። ፎረሙ ግን አፉን ይይዛል ተብሎ ታመነ።

ወንድምየው ሲታመም ፎረሙን ለእኔ አስረከበኝ። ኮምፒዩተር ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። የሶፍትዌሩን መመሪያ መዝገበ ቃላት ይዤ ነው ያነበብኩት። ቀስ እላለሁ፤ አንድ መስመር ሳይገባኝ ወደሚቀጥለው አልሄድም። ለዚህ ነው መሰለኝ የመረጠኝ። ሕመሙ ከባድ እንደሆነ የምናውቅ ጥቂት ነበርን። ለእህቱ ጨጓራ ነው ብሏል።

በዚያ ሰሞን ሰርቨሩን የሚያከራየን ድርጅት ያረጀውን ሶፍትዌር እንደማያስተናግድ አስታወቀ። ወይ ወደ አዲሱ ማሻሻል፣ ወይ መዘጋት ነው። መመሪያው የሚለው ግልጽ ነበር፤ ሲሻሻል የፕሮግራሙ የራሱ ፋይሎች በሙሉ ወጥተው አዲሶቹ ይተካሉ፤ ተጠቃሚው ለራሱ ያስተካከለው ነገር በሙሉ ግን አንድ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ መኖር አለበት፣ ያ ፋይል አይነካም። ያን ፋይል ከድሮው ፕሮግራም ቅጂ ጋር አስቀድሜ በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩት። መስመር በመስመር አነበብኩት። የቀን አቆጣጠሩ አለ። ሁለቱ ቋንቋዎች አሉ። የቤተሰብ ዝርዝሩ አለ። ከሥሩም ለቅሶ የሚለጠፍ ከሆነ ለእነዚህ ይዘግይ የሚል ትእዛዝ አለ። አዲስ አበባ ላለው ወንድም ጻፍኩለት፤ ከዚህ ፋይል ውጭ የነካኸው ነገር አለ ወይ? አልጋ ላይ ሆኖ መለሰልኝ፤ «ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው፤ አትጨነቅ።» እንደዚያ መሆኑን ያምን ነበር።

አሻሻልኩት። ቀኑ በቦታው፣ ፊደሉ በቦታው፣ ትእዛዞቹ በሁለቱም ቋንቋ በቦታቸው ሆኑ። አንድ ነገር ብቻ ሳልሞክር ቀረ። እሱን ለመሞከር ጋሼን ማስፈቀድ ነበረብኝ።

«ጋሼ፣ የለቅሶውን ክፍል ልፈትሸው ነበር» አልኳቸው፣ እዚያው ኢንተርኔት ቤት።

«ፈትሸው፤ ማን ያዘህ?»

«የአንድ አባል ስም ጽፌ፣ አረፈ ብዬ ለጥፌ፣ ለቤተሰቡ አለመድረሱን አይቼ ወዲያው አጠፋዋለሁ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «የማንን ስም?»

«የማንንም ማድረግ አይጠቅምም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ሰው መሆን አለበት። የራሴን ልጻፍ።»

«ሂንታኡ» አሉ። አይሆንም ሲሉ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው የሚቆርጡት። «እናትህን እሑድ ቤተ ክርስቲያን አገኛቸዋለሁ። በምን ዓይኔ ልያቸው?»

«ውሸት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን እኮ፣ ጋሼ።»

«እኛስ እናውቃለን። ሞት ያውቃል?»

ታይፒስቷ ራሷን ነቀነቀች። «እኔም አልተይበውም። ስምህን ጻፊ ካልከኝ እጽፋለሁ። ቀጥሎ ያለውን ቃል ግን ጣቴ አይጽፈውም።»

«የመብራቱን ስም ጻፉ» አለ ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ። «እሱ እንደሆነ በየቀኑ ነው የሚሞተው።»

ሳቅን። ጋሼም ሳቁ፤ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ነገሩን ዘጉት። «በሰው ላይ ሟርት አላስጽፍም። የፈጣሪ ቀን ሲደርስ፣ ሰው ሲሞት፣ ያኔ ይፈተሻል።»

ከዚያ በላይ አልተከራከርኩም። ቤት ሄጄ በድብቅ ልሞክረው ይቻለኝ ነበር። ግን እኔም እዚህ ያደግኩ ነኝ። ስሜን ጽፌ ጠቋሚው ከጎኑ ብልጭ ድርግም ሲል ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ከዚያ ደመሰስኩት።

ያ ከሰዓት ዝናብ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ የባለቤቱ ጄነሬተር ጓሮ ያጓራል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሠፈሩ ሁሉ ስልኩን እሱ ጋ ያስሞላል፤ ባንኮኒው ላይ በገመድ የታሰሩ ስልኮች ተደርድረዋል፣ የእትዬም አለበት። ከግድግዳው ማዶ በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናቸው ይሰማል፤ እሱ መብራት አይፈልግም።

መጀመሪያ የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። ሾፌሩ ያገኘውን ነገር ሁሉ ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ አለው፤ በዚህ ስንስቅበት ኖረናል። «ለቅሶ» ብሎ ጀመረ። «ወንድማችን ዛሬ ከቀትር በኋላ አዲስ አበባ...» የእትዬ ወንድም ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑን አንስቶ ግድግዳውን አየ።

ከዚያ የጋሼ ስልክ በኪሳቸው ጮኸ። የታይፒስቷም። የእኔም። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ያሉት አንድ በአንድ እየበሩ ጮኹ። ከእነሱ መሀል በቀይ ክር የታሰረው የእትዬ ነበር።

አዲስ አበባ ያለው የሟቹ ጓደኛ የለጠፈው ነው። ጥፋት አልሠራም። ሁልጊዜ እንደምናደርገው አደረገ፤ ፎረሙ አፉን ይይዛል ብሎ።

የተላከላቸውን ዝርዝር ከፈትኩ። ሁሉም ነበሩበት። ወዲያው የድሮውን ፕሮግራም ቅጂ ከፍላሹ አውጥቼ ከአዲሱ ጋር አስተያየሁ። ያኔ ገባኝ። ትእዛዙ በማስተካከያው ፋይል ውስጥ በደንብ ተጽፏል፤ አልጠፋም። ያን ትእዛዝ አንብቦ የሚፈጽመውን ክፍል ግን ወንድምየው የጻፈው ከፕሮግራሙ የራሱ ፋይሎች በአንዱ ውስጥ ነበር፤ በሺህ ከሚቆጠሩ የሌሎች ሰዎች መስመሮች መሀል። ያ ፋይል ሲተካ አብሮ ሄደ። እኔ የጠበቅኩት ታዛዥ የሌለውን ትእዛዝ ነበር።

«ለእሷም ሄደ?» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ለሁሉም ሄዷል።»

«መልሰዋ።»

«የሄደ መልእክት አይመለስም፣ ጋሼ።»

«ማሎ» አሉ። የልመናም የጭንቅም ቃል ነው በኦሮምኛ።

የሆነ እጅ የእትዬን ስልክ አነሳ፣ ጀርባውን ከፈተ፣ ባትሪውን አወጣው። የማን እጅ እንደነበር አላስታውስም። የማስታውሰው የስፌት መኪናው ድምፅ መቆሙን ነው።

እትዬ የልብስ መለኪያውን ሜትር አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ገቡ። «ሞላልኝ?» አሉ ባለቤቱን።

«ገና ነው እትዬ። ጄነሬተሩ ዛሬ አቅም የለውም።»

«ጠዋትም ትንሽ ነበረው፤ የያዘው ይበቃኛል። ወንድሜ ጋ ልደውል ነው። ትናንት ብደውል አላነሳም፤ ያ ጨጓራው ተነስቶበት ይሆናል።»

«እትዬ፣ ስልኩ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለች ታይፒስቷ። «ቻርጀሩ አቃጠለው።»

እትዬ ከአንዱ ወደ ሌላው አዩ። «አንዱ አልሞላም ይለኛል፣ አንዷ ተቃጠለ ትለኛለች። ተማከሩና አንዱን ንገሩኝ እንጂ።» ፈገግ እንዳሉ ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «አንተስ? ተሳፋሪ ሲጮህብህ አይደል የምትውለው፤ ዛሬ ጎሬን ለማን ተውካት?»

ሾፌሩ በሌላ ቀን ቢሆን መልስ አያጣም፤ እትዬን «አማቴ» እያለ ነው የሚተርባቸው። ያን ቀን የታተመውን ፎቶግራፉን በእጁ ያገላብጣል።

ያኔ ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ። እኛን የጨረሰን ይህ ነው። ጋሼ በዕድሜ የእትዬ አባት ይሆናሉ። እትዬ ሲገቡ ሊነሱ የሚገባበት ምንም ምክንያት አልነበረም። ሰው እንዲያ የሚነሳው ለሐዘንተኛ ነው።

እትዬ ጋሼን አዩ። ባንኮኒው ላይ ተከፍቶ የተኛውን ስልክ አዩ። ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ሄደ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው በጣታቸው ዙሪያ እስከ ጫፉ ጠቀለሉት።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አሉ።

ጋሼ አልተቀመጡም። አፋቸውን ከፈቱ።

«አይንገሩኝ» አሉ እትዬ። «እዚህ አይንገሩኝ። ሰው በሱቅ ቆሞ መርዶ አይረዳም። ነገ ንጋት ላይ ኑ፤ ቤት እሆናለሁ። ወጉ አይቅር።»

ማን እንደሞተ አልጠየቁም። ስልኩንም ሳያነሱ ወጡ። ጥቂት ቆይቶ የስፌት መኪናው እንደገና ተሰማ፤ አንዲት እናት የልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ መጥታ ነበር። እኛ አምስታችን ያን ድምፅ እየሰማን ቆምን። ባለቤቱ ጄነሬተሩን ማጥፋት ይችል ነበር፤ አላጠፋውም። ቢያጠፋው መኪናው ይበልጥ ይሰማን ነበር።

በማግስቱ ንጋት ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ከኋላ ተከትዬ ሄድኩ። ቤቱ ተጠርጓል። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳው ተጠግተው መሀሉ ባዶ ሆኗል። እትዬ በሩን ከፍተው «ምነው በጠዋቱ፣ በደህና ነው?» አሉ፤ ያልሰማ ሰው እንደሚለው። ጋሼ ማለት ያለባቸውን አሉ። እትዬም ጮኹ። ጩኸቱ እውነተኛ ነበር፤ የዋለና ያደረ መሆኑን የምናውቀው ግን እኛ ብቻ ነን። ጎረቤቶች «ምስኪን፣ ሳታስበው ዱብ አለባት» እያሉ ሲያለቅሱ እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ።

ከቀብሩ በኋላ የወንድምየውን መስመሮች ከድሮው ቅጂ አውጥቼ፣ የትኛውም ማሻሻያ የማይነካው ቦታ ላይ ጻፍኳቸው። ስሜን ጽፌ፣ አረፈ ብዬ ለጠፍኩ። የእናቴ ስልክ አልጮኸም። አጠፋሁት። አሁን ማንም አልከለከለኝም፤ ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው አዩኝ። በትክክል ይሠራል። ግን ከዚያ ወዲህ ለቅሶው ክፍል ላይ የለጠፈ ሰው የለም። ሰው ወደ ስልኩ ተመለሰ። ከዚያም ሌላው ክፍል ቀዘቀዘ፣ ቴሌግራም መጣ፣ ፎረሙ ባዶ ቤት ሆነ። እኔ ግን አዲስ ማሻሻያ በወጣ ቁጥር አሻሽለዋለሁ። አንድም መስመር አልጠፋም። ለማን እንደምጠብቀው አላውቅም።

እትዬ አንድ ቀን ብቻ ጠየቁኝ። የሱሪዬን እግር ሊያሳጥሩልኝ በመርፌ እየያዙት ነበር።

«እሱ ለእኔ ብሎ ሠርቶት ነበር አይደል? እንዳልሰማ ብሎ።»

«አዎ እትዬ። ሠርቶት ነበር።»

«ታዲያ?»

ያልሆነ ቦታ ላይ ጽፎት ነበር ልል አልቻልኩም። ሞቶ መልስ ሊሰጥ በማይችልበት ጥፋቱን ለእህቱ መንገር ሆነብኝ። «ስናሻሽለው ጠፋ» አልኩ።

«ምነው ባልነካችሁት» አሉ። ባንነካው ኖሮ ፎረሙ ከነአካቴው ይዘጋ እንደነበር ልነግራቸው ጀመርኩ፤ ሊገባቸውም ይችል ነበር። ግን ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሱሪዬን ሌላ ቦታ አሰፋለሁ። በመንገድ ሲያገኙኝ ደህና ነህ ልጄ ይሉኛል፣ እመልሳለሁ፣ እናልፋለን።

የጻፍኩት እኔ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው፤ ብዙ እንደሚጎድለው አውቃለሁ። ያን ቀን አብራችሁኝ የነበራችሁ ጨምሩበት። ስልኩን የከፈተው ማነው? ባትሪውን ከማውጣቱ በፊት መልእክቱን አንብቦት ነበር ወይስ አላነበበውም? ጋሼ ከተነሱ በኋላ የእትዬን ፊት ከእኔ ይልቅ ፊት ለፊት ያየችው ታይፒስቷ ናት፤ ማን እንደሞተ ገብቷቸው ነበር ወይስ ሌሊቱን ሙሉ ዘመዳቸውን አንድ በአንድ ሲቆጥሩ አደሩ? ሾፌሩ በዚያ ምሽት ወደ ጎሬ እንዳልተመለሰ ሰምቻለሁ። ከእትዬ ደጃፍ ቆሞ ከነበረ ይንገረኝ። የምፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ ከዚያ ከሰዓት እስከ ንጋቱ አጠገባቸው ሰው ነበር ወይ? ማንም አልነበረም ከሆነም ይጻፍልኝ።